የአጥንት አምሳያና የቤት እንስሳት ሕክምና

በአገራችን የቤት እንስሳ ከቤተ ሰብ እንደ አንዱ ተቈጥሮ የኖረ መሆኑን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የታላላቆቻችን መጠሪያ ራሱ ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤልም አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር፤ ገና ራስ ሳሉ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመቱትም የወሎን ፈረሰኛ አስከትለው ነው።

ከመኳንንቱ ፈረስ ወደ ገበሬው በሬ ስንመለስ ነገሩ ከክብር ወደ እንጀራ ይሸጋገራል። ማረሻ የሚጐትተው ጥማድ ሁለት በሬ ነው። ከሁለቱ አንዱ እግሩን የተሰበረ እንደ ሆነ ባለቤቱ እንደ እርሱ አንድ በሬ ብቻ ከቀረው ጐረቤት ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ይኸውም በሬ ከበሬ አጣምረው አንድ ቀን የአንዱን፣ ሌላ ቀን የሌላውን እርሻ ማረስ ነው። ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም። አያቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚጠሩት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ረሀብ የጸናው፣ የደስታ በሽታ ገብቶ የእርሻውን በሬ ስለ ፈጀ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው የአንድ በሬ እግር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቃል።

በተለይ እንደ ደሴና እንደ ኮምቦልቻ ባለ አገር ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ በሜዳው ተዘርግታለች። በሁለቱ መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። በዙሪያቸው ያለው የግጦሽ ስፍራም ገደላማ ስለ ሆነ ከብት ይንሸራተታል፤ በመንገዱ ላይ አህያና የጋሪ ፈረስ ከመኪና ጋር ይጋፋሉ፤ ውሻም በጐማ ይገጫል። እግሩ ለተሰበረ እንስሳ በየቤቱ የሚሰጠው ፍርድ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፤ በሬ ከሆነ ይታረድ፣ ፈረስ ወይም አህያ ከሆነ ለጅብ ይጣል የሚል ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው በዚህ ፍርድና በእንስሳው መካከል ሊገባ ስለሚችል አንድ አዲስ ብልሃት፣ ደግሞም ብልሃቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚረዳና ከምን ላይ እንደሚያቆም ነው።

የማይታየውን ለማየት

ወጌሻ የተሰበረን አጥንት የሚያውቀው በጣቱ ነው። ዳብሶ፣ ስቦ፣ አገናኝቶ፣ በሸንበቆ ወይም በቀጭን እንጨት ያስራል። በሥራው የሠለጠነ ወጌሻ ብዙ ጠቅሟል፤ ነገር ግን ሥጋው ወፍራም በሆነበት በጭን፣ ወይም አጥንቱ ከብዙ ቦታ በደቀቀ ጊዜ ጣት ብቻውን አያደርስም። የእንስሳት ሐኪምም ቢሆን ቆዳውን ሳይከፍት አጥንቱን አያየውም፤ ቆዳውን ከከፈተ በኋላ ደግሞ እንስሳው በማደንዘዣ ተኝቶ፣ ደም እየፈሰሰ፣ ሰዓቱ እየሮጠ ስለ ሆነ ቁጭ ብሎ ለማሰብ ጊዜ የለውም።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1895 ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ያገኘው፣ እኛ ራጅ የምንለው ጨረር፣ ለዚህ ችግር የመጀመሪያውን መፍትሔ አመጣ። ራጅ ግን ጥላ ነው። የጀበና ጥላ በግድግዳ ላይ ሲወድቅ ጆሮው ወደ ጐን ከሆነ ይታያል፤ ጆሮው ወደ መብራቱ የዞረ እንደ ሆነ ግን ጀበናው ጆሮ ያለው መሆኑን ከጥላው መለየት አይቻልም። እንደዚሁም ወደ ፊት የወጣ ወይም የተጠማዘዘ ስብራት በራጁ ላይ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ከሁለት አቅጣጫ ያነሣሉ፤ ቢሆንም የሁለት ጥላ ድምር ገና አካል አይሆንም።

ሁለተኛው መፍትሔ የመጣው ከእንግሊዝ አገር ነው። ጐድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሚባል መሐንዲስ፣ ይሠራ የነበረውም የሙዚቃ ሸክላ በሚያሳትም ኩባንያ ውስጥ ሲሆን፣ ሲቲ ስካን የሚባለውን መሣሪያ ሠራ። በ1971 ጥቅምት ወር መጀመሪያ በለንደን የመጀመሪያው በሽተኛ ታየበት፤ ሃውንስፊልድም በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። መሣሪያው ጨረሩን በሰውነቱ ዙሪያ እያዞረ፣ ድፎ ዳቦ በቀጭን በቀጭኑ እንደሚቈረስ ሁሉ፣ አካሉን ሳይነካ በምስል ይቈርሰዋል። አንዱ ቁራሽ አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ውፍረት ሊኖረው ይችላል። አጥንት ከሥጋ ይልቅ ጨረርን ስለሚያግድ በየቁራሹ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ኮምፒዩተሩም ነጩን ብቻ መርጦ ቁራሾቹን መልሶ ሲደራርባቸው ሙሉው አጥንት በመስታወቱ ላይ ይቆማል።

አምሳያው እንዴት እንደሚሠራ

በመስታወት ላይ የሚታይ አጥንት ግን አይጨበጥም፤ በመጋዝም አይሞከርም። ስለዚህ ሦስተኛ መሣሪያ አስፈለገ። እርሱም በተለምዶ ስሪዲ ፕሪንተር የሚባለው፣ በወረቀት ፋንታ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ያለውን ነገር የሚያትም መኪና ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ሃል በ1984 ያመለከተበትን የፈጠራ መብት በ1986 ተቀበለ። የእርሱ መኪና ፈሳሽን በብርሃን የሚያጠነክር ነበር፤ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚታየው ርካሹ ዓይነት ግን የፕላስቲክ ክር አቅልጦ የሚደረድር ነው።

አሠራሩን ለመረዳት በቤታችን መሶብ ሲሰፋ መመልከት ይበቃል። ሰፊዋ አክርማውን ከሥር ጀምራ ዙሪያውን እየጠመዘዘች፣ አንዱን ዙር በሌላው ላይ እየሰፋች ወደ ላይ ታሳድገዋለች፤ መሶቡ የሚሰፋው ወይም የሚጠበው በየዙሩ በምታደርገው ጥቂት ለውጥ ነው። መኪናውም እንደዚሁ ነው። ውፍረቱ 1.75 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከበቈሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ የፕላስቲክ ክር 200 ዲግሪ ገደማ ላይ እያቀለጠ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ወይም ሁለት አሥረኛ የሚያህል ስስ ድርብ በድርብ ላይ ያነጥፋል። ከብዙ ሰዓት በኋላ የዚያው እንስሳ አጥንት፣ ከነስብራቱና ከነጠማማነቱ፣ በልኩ ተሠርቶ ከሐኪሙ እጅ ይገባል።

ለሐኪሙ የሚሰጠው ጥቅም

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናንሣ። የውሻ የፊት እግር ታችኛው ክፍል ጐን ለጐን የሚሄዱ ሁለት አጥንቶች አሉት፤ እነርሱም እኩል ማደግ ይገባቸዋል። ቡችላው በልጅነቱ ተገጭቶ ከሁለቱ የቀጭኑ አጥንት ማደጊያ ጫፍ ቢጐዳ ያ አጥንት ማደጉን ያቆማል፤ ወፍራሙ ግን ማደጉን ይቀጥላል። ያን ጊዜ ያጠረ ጅማት ቀስቱን እንደሚያጐብጠው፣ አጭሩ አጥንት ረጅሙን ያጐብጠዋል፤ መዳፉ ወደ ውጭ ይዞራል፣ ክርኑም ከቦታው ሊለቅ ይችላል። ይህን እግር ለማቅናት ሐኪሙ አጥንቱን ቈርጦ፣ አዙሮ፣ በጠፍጣፋ ብረትና በብሎን መልሶ ማሰር አለበት። አጥንቱ ግን የጐበጠው ወደ አንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ ወደ ጐንም፣ ወደ ፊትም ጐብጦ፣ በዚያ ላይ እንደ ገመድ ተጠማዝዟል። የሚቈረጥበት ቦታና ማዕዘን በጥቂቱ ቢሳሳት እግሩ በሌላ በኩል ጠማማ ሆኖ ይቀራል።

አምሳያው በእጁ ያለ ሐኪም ከቀዶ ሕክምናው በፊት በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ በትንሽ መጋዝ ይሞክራል። የተሳሳተ እንደ ሆነ ሁለተኛውን አሳትሞ እንደ ገና ይጀምራል፤ ከሕያው እግር የተቈረጠ አጥንት ግን ዳግመኛ አይታተምም። የዚህ ጥበብ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፤ ስሕተቱ ከሥጋ ላይ ከመውደቁ በፊት በፕላስቲክ ላይ እንዲወድቅ ማድረግ።

ሌላም ጥቅም አለው። የብረቱ ጠፍጣፋ በአጥንቱ ቅርጽ ልክ መጐበጥ ስላለበት፣ ይህን ሥራ እንስሳው በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ ከማድረግ ይልቅ ቀደም ብሎ በአምሳያው ላይ ማጕበጥ፣ የብሎኖቹንም ርዝመት አስቀድሞ መለካት ይቻላል፤ በዚህም የማደንዘዣው ሰዓት ያጥራል። በዚህ ጊዜ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከበቈሎ የሚሠራው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚለሰልስ ስለ ሆነ በ121 ዲግሪ እንፋሎት ውስጥ ገብቶ ከጀርም ሊነጻ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ አምሳያው ከጠረጴዛው ይቀራል፤ ተጐብጦ የተዘጋጀው ብረት ብቻ በእንፋሎት ነጽቶ ወደ ሰውነት ይገባል።

ከዚህም በላይ አንደኛው እግር ደቆ ቅርጹ የጠፋ እንደ ሆነ፣ የጤነኛውን እግር ምስል ኮምፒዩተሩ በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ ይገለብጠዋል፤ የቀኙ ግራ፣ የግራውም ቀኝ ይሆናል። በዚህ ዓይነት የሚታተመው አጥንት፣ የተሰበረው ከመሰበሩ በፊት ምን ይመስል እንደ ነበረ ለሐኪሙ ያሳየዋል።

ይህ ሥራ በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ የእንስሳት ሆስፒታሎች ይሠራበታል። ከዚህም አልፎ የሚታተመው ነገር ራሱ በሰውነት ውስጥ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በ2018 በካናዳ የጕዌልፍ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ቀዶ ሐኪም ዶክተር ሚሼል ኦብላክ፣ በራስ ቅሏ ላይ ትልቅ እብጠት ለወጣባት ፓቸስ ለምትባል አንዲት ውሻ፣ በሲቲ ስካን ተለክቶ ከቲታንየም የታተመ ክዳን አዘጋጁ። በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ቀዶ ሕክምናም 70 ከመቶ የሚያህለው የራስ ቅሏ የላይኛው ክፍል በዚሁ ክዳን ተተካ። ይህ ሁሉ የተቻለው ሐኪሞቹ ቢላዋ ከመያዛቸው በፊት መቍረጫውን ቦታና የክዳኑን ልክ ስላወቁ ነው።

ብልሃቱ የሚያቆምበት ቦታ

እንግዲህ አንባቢ፣ ይህ ጥበብ የወሎን በሬ ያድናልን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እውነቱን መናገር ይገባናል፤ የጐለመሰ በሬ የጭን አጥንት ከተሰበረ አምሳያው ብዙ አይረዳም። ችግሩ ማየት አለመቻል ሳይሆን ክብደት ነው። ሦስት መቶ ኪሎ ግራም የሚያህል እንስሳ እንደ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ አያገግምም፤ ከማደንዘዣው እንደ ነቃ በዚያው እግሩ መቆም ይፈልጋል።

በፈረስ ላይ የደረሰ አንድ የታወቀ ነገር አለ። ባርባሮ የሚባለው የአሜሪካ የእሽቅድምድም ፈረስ፣ የኬንታኪን ታላቅ ውድድር ባሸነፈ በሁለት ሳምንት፣ በግንቦት ወር 2006 በሌላ ውድድር ላይ የቀኝ የኋላ እግሩ ከሃያ በላይ ስብርባሪ ሆነ። ዶክተር ዲን ሪቻርድሰን በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሆስፒታል በጠፍጣፋ ብረትና በ27 ብሎን አሰሩት። ይሁን እንጂ ክብደቱን ወደ ሌሎቹ እግሮች ስላዛወረ በሰኮናቸው ውስጥ ብርቱ ብግነት ተነሣ፤ በጥር ወር መጨረሻ 2007 ከሥቃዩ እንዲያርፍ ተደረገ። ገንዘብም ሊቃውንትም ሳይጐድሉ ይህ ከደረሰ፣ የአጥንቱ መጠገን ብቻውን የእንስሳው መዳን አለመሆኑን እንማራለን።

ሁለተኛው ወሰን ጊዜ ነው። ትኵስ ስብራት ብዙ አይጠብቅም፤ ሲቲ ስካን አንሥቶ፣ ምስሉን አዘጋጅቶ፣ አምሳያ አትሞ ለመጨረስ ግን ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ያስፈልጋል። ጠማማ ሆኖ የገጠመ አሮጌ ስብራትና በዕድገት የጐበጠ እግር ግን ይጠብቃሉ። ከሩቅ ቀበሌ እንስሳው ወደ ሐኪም የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ስብራቱ ጠሞ ከገጠመ በኋላ ስለ ሆነ፣ አምሳያው ይበልጥ የሚጠቅመው በእንደዚህ ያለው ነገር ነው። በውሻ፣ በድመት፣ በጥጃ፣ በግልገልና በውርንጭላ፣ በመንጋጋም ስብራት ተስፋው ከፍ ያለ ነው። አምሳያው «አይሆንም» ለማለትም ያገለግላል፤ ስብርባሪው ብሎን የሚይዝ አለመሆኑ አስቀድሞ የታወቀ እንደ ሆነ፣ እንስሳው በከንቱ ከመሠቃየት፣ ባለቤቱም በከንቱ ከማውጣት ይድናሉ።

ስለ ደሴና ስለ ኮምቦልቻ

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ሁለት ሙያዎች፣ ሕክምናና ምሕንድስና፣ በብዙ አገር ተራርቀው ይገኛሉ። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ግን በአንድ ጥላ ሥር ናቸው፤ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱ በደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ በኮምቦልቻ ይገኛል። በኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪም አለ። በመካከላቸው ያለው የዚያ ቁልቁለት መንገድ ብቻ ነው።

ሁለቱ ወገኖች ቢተባበሩ መጀመር የሚገባቸው ከትንሹ ነው። ጤነኛ አጥንት ለመማር ማተሚያ መኪና አያስፈልግም፤ ከቄራ የተገኘ አጥንት ተቀቅሎና ታጥቦ ይበቃል። አምሳያው የሚያስፈልገው ለብርቅዬው ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ የመንጋጋ ስብራት በሃያ ቅጂ ታትሞ ለሃያ ተማሪ ሊታደል፣ እያንዳንዱም በየራሱ ቈርጦና አስሮ ሊማርበት ይችላል። የምሕንድስና ተማሪዎችም የታተመውን ከእውነተኛው አጥንት ጋር በካሊፐር እያስተያዩ ልኩ የጸና መሆኑን ቢያረጋግጡ ሥራቸው ከመጫወቻነት አልፎ ለሐኪም የሚታመን ይሆናል።

ወጪውን በሚመለከት ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ በተያዙበት ወራት ዩኒቨርሲቲውም የደሴ ሆስፒታልም ብዙ ንብረት እንደ ተዘረፈባቸው ይታወሳል። የጠፋውን ለሚተኩ ባለሥልጣኖች የምናሳስበው ይህን ነው፤ ጥሩ ራጅ፣ ንጹሕ የቀዶ ሕክምና ክፍልና የታመነ ማደንዘዣ ይቅደሙ፤ ማተሚያ መኪናው ከእነርሱ በኋላ ይምጣ። ቢላዋ የማይያዝበት ቤት ውስጥ አምሳያ ብቻውን ጌጥ ነው።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው

የትኛውም መሣሪያ ቢገዛ የእንስሳው ዕድል አስቀድሞ የሚወሰነው በባለቤቱ ግቢ ነው። ስለዚህ የቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች የሚከተለውን ልብ ቢሉ መልካም ነው።

አንደኛ፣ እግሩ የተሰበረ እንስሳ እንዲራመድ አይገደድ፤ በጸጥታ ይያዝ። ውሻ ሲያመው ጌታውንም ስለሚነክስ አፉ በጨርቅ ጥብጣብ በቀስታ ይታሰር፤ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ካስታወከ ግን ወዲያው ይፈታ።

ሁለተኛ፣ ቆዳው ተቀዶ አጥንት ከታየ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን እንጂ ወደ ውስጥ አይገፋ፤ አፈርም ቅጠልም አይጨመርበት።

ሦስተኛ፣ ከጕልበት በታች ለሆነ ስብራት መደገፊያ ሲታሰር ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች ማለፍ አለበት፤ ከሥሩ ጥጥ ወይም ጨርቅ ይደረግ፤ ደም እስኪያቆም ድረስ አይጥበቅ። የጭን ስብራት በቤት አይታሰር፤ መደገፊያው ከስብራቱ በታች ተንጠልጥሎ ጕዳቱን ያብሳልና።

አራተኛ፣ ለሰው የታዘዘ የሕመም ማስታገሻ ለእንስሳ አይሰጥ። ፓራሲታሞል ድመትን፣ አይቡፕሮፌን ውሻን ሊገድል ይችላል።

አምስተኛ፣ በሬው ይታከም ወይስ ይታረድ የሚለው ምክር መርፌ ከመወጋቱ በፊት ከሐኪም ጋር ይለቅ፤ መድኃኒት የተሰጠው ከብት ሥጋ ሐኪሙ የሚወስነው ቀን ሳያልፍ አይበላምና።

ስድስተኛ፣ ላም ስትወልድ ጥጃውን በገመድ በኀይል መሳብ የፊት እግሩን ይሰብራል። ይህ የደረሰ እንደ ሆነ ግን ጥጃው ትንሽ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ በጄሶ ታስሮ በጥቂት ሳምንት ይድናል፤ ስለዚህ ለመጣል አይቸኰል።

ሰባተኛ፣ ቡችላ በሥጋ ብቻ አይደግ፤ ሥጋ ብቻውን ለአጥንት የሚያስፈልገውን ካልሲየም አይሰጥምና አጥንቱ በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል። እግሩ መጕበጥ የጀመረ ቡችላ ወይም ውርንጭላም ዕድገቱን ሳይጨርስ ለሐኪም ይታይ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው።

እነዚህን ነገሮች ለልጆችና ለእረኞች ማስተማር የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ ፈንታ ነው። ሐኪም በአምሳያ ላይ የሚለማመደው ትዕግሥት፣ ባለቤቱም እንስሳው በወደቀበት ሰዓት የሚያሳየው ትዕግሥት በመሠረቱ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ከመቍረጥ በፊት ማየትን የሚሹ ናቸውና። እንግዲህ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የአንድ እንስሳ እግር በተሰበረ ጊዜ የመጀመሪያው ጥሪ ቢላዋ ለያዘ አራጅ ሳይሆን ለሐኪም ይሁን፤ ሐኪሙ መርምሮ ይታረድ ያለ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ፍርዱ በዕውቀት የተሰጠ ይሆናል።